ወደ ሚስቲ ፍዮርድስ ለመሄድ የሚያስብ ተጓዥ ማወቅ ያለበት

በአላስካ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ፣ ሚስቲ ፍዮርድስ የሚባል ከ9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የባሕር ጠረፍ ዱር አለ። በበረዶ ዘመን ግዙፍ የበረዶ ግግሮች የግራናይቱን ተራራ እየፋቁ ጥልቅ ሸለቆዎችን አወጡ፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ባሕሩ ወደ ሸለቆዎቹ ገባ፤ ፍዮርድ የሚባሉት እነዚህ ባሕር የገባባቸው ሸለቆዎች ናቸው። ዛሬ በሩድየርድ ወሽመጥ ውስጥ በጀልባ የሚጓዝ ሰው በግራና በቀኝ ከውሃው ቀጥ ብለው የወጡ፣ አንዳንዶቹ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላቸው ገደሎችን ያያል። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ስፍራውን በታኅሣሥ 1978 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ቅርስ ብለው አወጁት፤ በ1980 የወጣው ሕግ ደግሞ አብዛኛው ክፍል በዱርነቱ እንዲቆይ ደነገገ። ወደዚያ የሚያስገባ የመኪና መንገድ የለም።

ስለ ጉዞው ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ጉዳይ ዝናቡ ነው። በአካባቢው በዓመት 3,800 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። እኛ ዝናብ ሲመጣ ተጠልለን እስኪያባራ መጠበቅ ለምደናል፤ እዚያ ግን ለቀናት ላያባራ ይችላል። ግንቦትና ሰኔ ከሌሎቹ ወራት የተሻሉ ሲሆኑ፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ዝናቡም ነፋሱም እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህ ሦስት ቀን ለመቆየት ያሰበ ሰው አምስት ወይም ስድስት ቀን ይያዝ። በእኔ እምነት፣ ይህን ትርፍ ጊዜ ማግኘት የማይችል ሰው ጉዞውን ለሌላ ዓመት ቢያቆየው ይሻለዋል፤ በዚያ ስፍራ አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ከጥድፊያ ነውና።

መነሻው ኬቺካን የምትባለው ከተማ ናት። ከሲያትል በቀጥታ በረራ ሁለት ሰዓት ያህል ስለምትርቅ፣ በዚያ አካባቢ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ጉዞው ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ያለው ከከተማው ማዶ በምትገኘው ግራቪና ደሴት ላይ ስለሆነ፣ ወደ ከተማው በማመላለሻ ጀልባ ይሻገራሉ። ከከተማው ወደ ፍዮርዶቹ የሚኬደው በሞተር ጀልባ ወይም ውሃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። በጀልባ የሚሄድ ሰው ቤም ካናል በሚባለው የተፈጥሮ የባሕር መተላለፊያ መካከል ብቻዋን የቆመችውን፣ 72 ሜትር ከፍታ ያላትን የኒው ኤዲስቶን ዐለት በቅርብ ለማየት ይችላል።

በአውሮፕላን ለመሄድ የመረጡ እንደሆነ አብራሪውን ፈጽሞ አያጣድፉ። በሰኔ 25 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. የመርከብ መንገደኞችን ለጉብኝት ይዞ የነበረ አውሮፕላን ኤላ ሐይቅ አጠገብ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ የተሳፈሩት 9 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ አብራሪው በከፋ አየር በረራውን ለመቀጠል መወሰኑን፣ ድርጅቱም እንዲህ ያለውን በረራ በዝምታ ያበረታታ እንደነበር በምክንያትነት አስፍሯል። አብራሪው «ዛሬ አንሄድም» ካለ ውሳኔውን በምስጋና ይቀበሉት፤ መመለሻዎ ቢዘገይ የሚያመልጥዎትን ነገር ሁሉ አስቀድመው ከዕቅድዎ ያውጡ።

ልብስን በተመለከተ፣ ጥጥ የሆነ ነገር ሁሉ ከተማው ውስጥ ይቅር። ጋቢ በደጋ ብርድ የሚያሞቀን ደረቅ ሆኖ ሳለ ነው፤ ጥጥ አንዴ ከራሰ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል እንጂ አይጠብቅም። ከሥር ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ካፖርትና ሱሪ፣ ለእግር ደግሞ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ያስፈልጋል። አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ። በበጋም ቢሆን መንቀጥቀጥ የጀመረና ንግግሩ የሚተሳሰርበት ሰው ሙቀቱ በአደገኛ ሁኔታ እየወረደ ስለሆነ፣ ወዲያው እርጥብ ልብሱን አውልቆ እንዲሞቅ መደረግ አለበት።

ድንኳን የሚተክል ሰው የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ማጥናት ይኖርበታል። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ አዲስ ጨረቃ በምትወጣበትና ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ6 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። የሰዓት ሰንጠረዡን ይያዙ፤ ከዚያ በተጨማሪ ዐለቱን ራሱን ይመልከቱ። ከታች ቡናማ የባሕር አረም ተንጠልጥሎ፣ ነጫጭ ጥቃቅን ዛጎሎችም ተጣብቀው ይታያሉ፤ ከእነሱ በላይ እርጥብ ቀለም የተቀባ የሚመስል ጥቁር ቀበቶ አለ፤ ከጥቁሩ በላይ ደግሞ ግራጫ የድንጋይ ሽበት (ሊከን) እና ሣር ይጀምራል። ከጥቁሩ ቀበቶ በታች ያለው ሁሉ የባሕሩ ነው። ማዕበል የተፋው የወደቀ ግንድና የደረቀ አረም ከተከመረበት መሥመርም ከፍ ብለው ይትከሉ፤ ካያክዎንም (በመቅዘፊያ የሚነዳውን ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ከዚያ በላይ ጎትተው ከዛፍ ጋር በገመድ ይሰሩት።

በካያክ የሚቀዝፍ ሰው በገደሎቹ ሥር ለብዙ ኪሎ ሜትር መውረጃ ስፍራ ሊያጣ ስለሚችል፣ ከመነሣቱ በፊት ቀጣዩን መውረጃ በካርታው ላይ ምልክት ያድርግ። ቤም ካናልን መሻገር የሚሻለው ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ነው።

ጥቁርና ቡናማ ድቦች በአካባቢው ይኖራሉ። ከሐምሌ ጀምሮ ሳልሞን ወደ ወንዞቹ ሲወጣ ድቦቹ ጅረት አፍ ላይ ስለሚሰበሰቡ፣ ቦታው ለጥ ያለና የሚያምር ቢሆንም እንኳ ድንኳን እዚያ አይተከልም። ምግብ፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ድብ በማይከፍተው ዕቃ ውስጥ ከመኝታ ርቀው ይቀመጡ፤ በጫካ ሲሄዱም ድምፅ እያሰሙ ይሂዱ። ድብ የሚያባርሩበት የበርበሬ መርጫ በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ስለማይፈቀድ ኬቺካን ደርሰው ይግዙት።

የአሜሪካ ደን አገልግሎት የሚያከራያቸው የእንጨት ጎጆዎች በሐይቆችና በባሕሩ ዳር ይገኛሉ፤ ወራት ቀድሞ ማስያዝ ይበጃል። ጎጆዎቹ የሳንቃ መኝታና ምድጃ እንጂ ፍራሽም መብራትም የላቸውም። ምድጃው በእንጨት ወይስ በዘይት እንደሚሠራ አስቀድመው ይጠይቁ። የጅረት ውሃ ይፈላ ወይም ይጣራ። ከባሕሩ ዳር የለቀሙትን ዛጎል ለበስ እንስሳ ግን አይብሉ፤ ሽባ የሚያደርግ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፣ ማብሰልም መርዙን አያጠፋውም።

የእጅ ስልክ አይሠራም። የሳተላይት መልእክት መላኪያ ይዘው፣ የት እንደሚያድሩና መቼ እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው በጽሑፍ ትተው ይሂዱ። ጀልባው ወይም አውሮፕላኑ በቀጠሮው ቀን ካልመጣ ካወረደዎት ስፍራ አይራቁ፤ የሁለትና የሦስት ቀን ትርፍ ስንቅ የሚያዘውም ለዚሁ ነው።