ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል፦ ከፎርማት በፊት ቡት ፍላሽ

«ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» የሚለው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ሳይመረመር የሚሰጥ ነው። የደከመ ሃርድ ዲስክ በፎርማት አይድንም፤ ውስጡ ያለው ፋይል ግን ይጠፋል። በቡት ፍላሽ (የራሱ ስርዓት ተጽፎበት ኮምፒውተር ማስነሳት በሚችል ፍላሽ) ሲነሳ ኮምፒውተሩ ዊንዶውሱን ሳይነካ ይሠራል፣ እናንተም ጥፋቱ የዕቃው ይሁን የሶፍትዌሩ ለይታችሁ ትገባላችሁ። እኔ ሁለት ነገር አይለየኝም። አንዱ ሂረንስ ቡት ሲዲ ፒኢ ነው፤ መልኩ ዊንዶውስ ስለሆነ ማንንም አያስቸግርም። ሌላው ሲስተም ሬስኪው የሚባለው ሊኑክስ ነው፣ ለከባዱ ሥራ። ሁለቱም ቬንቶይ በሚባል ፕሮግራም አንድ ፍላሽ ላይ ይቀመጣሉ።

ፍላሹ ራሱ አልነሳ ካለ

የተለመደው ስህተት የወረደውን የአይኤስኦ ፋይል (ሙሉ ስርዓቱን በአንድ ፋይል የያዘውን) እንደ ፊልም ፍላሹ ላይ ኮፒ ማድረግ ነው። እንዲያ አይነሳም። ወይ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ይጻፍ፣ ወይ ፍላሹ ላይ መጀመሪያ ቬንቶይ ይጫን። ቬንቶይ ሲጫን የነበረውን ሁሉ ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ኮፒ ብቻ በቂ ነው።

በትክክል ተዘጋጅቶም ኮምፒውተሩ ፍላሹን አልፎ ወደ ዊንዶውስ ከሄደ የቡት ሜኑ (ኮምፒውተሩ ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበት ዝርዝር) ቁልፉን ስታችኋል። ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ ነው። ኤሰርም ኤፍ12 ነው፣ ግን ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ ካላበራችሁት ላይሠራ ይችላል።

ፍላሹን መርጣችሁ ሳለ የደህንነት ጥሰት የሚል መልእክት ከመጣ የከለከለው ሴኪዩር ቡት፣ ያልታወቀ ስርዓት እንዳይነሳ የሚያግደው ቅንብር ነው። ባዮስ ገብቶ ለጊዜው ማጥፋት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ባለቤቱን ጠይቁ። ከተቆለፈ ዊንዶውስ በሚቀጥለው ሲነሳ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ እጃችሁ ሳይገባ ምንም አትንኩ።

ከፍላሹ ይነሳል፣ ዊንዶውስ ግን ይንቀራፈፋል ወይም ነጥቦቹ ሲዞሩ ይቀራል

ከሁሉ በፊት የዲስኩን ጤና እዩ። ሂረንስ ውስጥ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈቱ። ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ ያሰጋል፣ ቀይ ከሆነ ጊዜ የላችሁም። ቀለሙን ብቻ አይታችሁ ግን አትለፉ። ዲስኩ የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ሲ5 የሚለውን መስመር ፈልጉ፤ ዲስኩ ማንበብ አቅቶት «ቆይ» ብሎ በቀጠሮ ያቆያቸው ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ብዛት ነው። ዜሮ መሆን አለበት። ፕሮግራሙ ካልቀየራችሁት ቁጥሩን በአስራ ስድስት ቤት ስለሚጽፈው 10 ቢል 16 ማለት ነው።

የአንድ ጓደኛዬን ላፕቶፕ ይህን መስመር ሳላይ «ቫይረስ ሲፈትሽ ይደር» ብዬ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ፎልደር ስከፍትም ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ነው የሚያሳየኝ። የታመመ ዲስክን ሌሊቱን ሙሉ ሳስሮጠው አድሬ ነበር።

ስለዚህ ሲ5 ላይ ቁጥር ካያችሁ የዊንዶውስን የዲስክ መጠገኛ ቼክዲስክን አታስኪዱ። ሥራው የፋይል ሲስተሙን (ፋይሎቹ የተደራጁበትን መዝገብ) ማስተካከል ነው፤ ለማስተካከል ሲል የፋይል ቁራጭ ሊጥል ይችላል፣ /r ከተጨመረበት ደግሞ ደካማውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ያስነብበዋል። መጀመሪያ ፋይሉ ይውጣ። ኮፒ ሲደረግ ካልቆመ አስፈላጊ የሆኑትን ፎልደሮች ብቻ አውጡ። መሃል ላይ የሚደርቅ ከሆነ ወደ ሲስተም ሬስኪው ሂዱና ዲዲሬስኪውን ተጠቀሙ። ይህ መሣሪያ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይሰበስባል፣ አስቸጋሪውን ለኋላ ያቆያል፤ ማፕ ፋይል (የት እንደደረሰ የሚመዘግብበትን) ከሰጣችሁት ደግሞ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። መቀበያው ዲስክ ከታመመው የማያንስ ይሁን። የሚያስፈራው አንድ ነገር ነው፦ ምንጩንና መድረሻውን አገላብጣችሁ ከጻፋችሁ ባዶውን ዲስክ በፋይሉ ላይ ትገለብጡታላችሁ። እኔ ኢንተር ከመጫኔ በፊት የሁለቱንም ሞዴልና መጠን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ።

ዲስኩ ከፍላሹ ጭራሽ አይታይም

ባዮስ ውስጥም ከሌለ ኬብሉን ወይም ዲስኩን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ባዮስ ውስጥ ኖሮ ከፍላሹ ብቻ ከጠፋ፣ በአዳዲስ ኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ ቪኤምዲ የሚባለው የዲስክ ቅንብር በርቶ ሾፌሩ ግን ፍላሹ ላይ ስለሌለ ነው። ባዮስ ውስጥ ኤኤችሲአይ ወደሚባለው የተለመደ ቅንብር ብትቀይሩት ሊታይ ይችላል፤ ፋይሉን ስትጨርሱ ወደነበረበት መልሱት፣ አለዚያ ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን ሊያወጣ ይችላል። በሊኑክስ ታይቶ መጻፍ ከከለከለ ደግሞ ዊንዶውሱ በፋስት ስታርትአፕ (ቶሎ እንዲነሳ ሙሉ በሙሉ እንዳይጠፋ በሚያደርገው ቅንብር) ግማሽ ተኝቶ ነው። ማንበብና ኮፒ ማድረግ ግን አይከለክልም።

ከፍላሹም ቢነሳ ይደርቃል

ጥርጣሬው ወደ ራም ይሄዳል። ሲስተም ሬስኪው ሲነሳ ከሚያወጣው ዝርዝር የራም መፈተሻውን ሜምቴስት 86 ፕላስን ምረጡ። አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ «ትንሽ ነው» አይባልም። ራሞቹን አንድ በአንድ እየፈተሻችሁ፣ ቦታም እየቀያየራችሁ ጥፋተኛውን ለዩ።

ዲስኩም ራሙም ደህና፣ ዊንዶውስ ግን አይነሳም

የቡት ፋይሎቹ ተጎድተው ሊሆን ይችላል። ሂረንስ ላይ የዲስክ ክፍሎችን የሚያስተዳድረውን ዲስክፓርትን ከፍታችሁ የቡት ፋይሎቹ ለሚቀመጡባት ለትንሿ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ፊደል ስጧት፣ በፋት32 የተሠራችው ናት። ከዚያ በቢሲዲቡት ትእዛዝ የቡት ፋይሎቹን ከዊንዶውስ ፎልደሩ እንደ አዲስ ጻፉባት። ከፍላሽ ሲነሳ የዲስኩ ፊደል ሊቀየር ስለሚችል «ሲ» ሁልጊዜ ሲ አይደለም፤ ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር የቱ ውስጥ እንዳለ ከፍታችሁ እዩ። ሲያልቅ ፍላሹን ነቅላችሁ ሪስታርት አድርጉ። እሱ ተረስቶ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ከፍላሹ ሲነሳ፣ የተሠራውን ሥራ «አልሠራም» ብሎ እንደገና የሚጀምር ሰው ብዙ ነው።