የዓሣ ጫጩቶችን ለተሻለ ዕድገት እንዴት መመገብ ይቻላል?

በኩሬ ወይም በገንዳ የሚረባ ዓሣ ከሰውነቱ መጠን አንጻር ከፍተኛውን ዕድገት የሚያሳየው ከዕንቁላል ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። በእነዚህ ሳምንታት የጎደለበትን ንጥረ ነገር በኋላ መኖ በማብዛት ማካካስ ሁልጊዜ አይቻልም፤ የተጣመመ አጥንት ለምሳሌ ተመልሶ አይቃናም። ጫጩቶቹ አላድግ ሲሉ ብዙ አርቢ መጀመሪያ የሚያስበው መኖ መጨመርን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው በመኖው ይዘት፣ በፍሬው መጠንና በአሰጣጡ ላይ እንጂ በብዛቱ ላይ አይደለም። ከዚህ በታች የቀረቡት ቁጥሮች በተለይ ቲላፒያ ወይም ቆሮሶ ለሚባለው ዓሣ የሚያገለግሉ ሲሆን፣ አካሄዱ ግን ለሌሎችም ዝርያዎች ይሠራል።

1. ውሃውን አስቀድሞ መለካት

የዓሣ የሰውነት ሙቀት ከሚኖርበት ውሃ ጋር አብሮ ስለሚለዋወጥ፣ የምግብ ፍላጎቱና የሆዱ የመፍጨት አቅም የሚወሰኑት በውሃው ሙቀት ነው። ቆሮሶ በጥሩ ሁኔታ የሚበላውና የሚያድገው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው፤ ከ20 ዲግሪ በታች ፍላጎቱ በግልጽ ይቀንሳል፣ ወደ 16 ዲግሪ ገደማ ሲደርስም መብላቱን ያቆማል። የኦክስጅን መጠን በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በላይ ቢሆን ይመረጣል። በኩሬ ውስጥ ያለው አልጌ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ሲጠቀም ስለሚያድር ውሃው በጣም የሚደክመው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን መኖ ፀሐይ ከወጣችና ጥቂት ከቆየች በኋላ መስጠት ይገባል።

2. የመኖውን ይዘት መምረጥ

ክብደቱ 1 ግራም ያልሞላ ጫጩት ከ40 እስከ 45 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ያስፈልገዋል። 10 ግራም እስኪደርስ ከ35 እስከ 40 በመቶ፣ ከዚያም እስከ 30 ግራም ባለው ጊዜ ከ30 እስከ 35 በመቶ ይበቃዋል። ለትልልቅ ዓሣዎች የተዘጋጀ መኖ ፈጭቶ ለጫጩት መስጠት የተለመደ ቢሆንም፣ መፍጨቱ ፍሬውን ያሳንሳል እንጂ ፕሮቲኑን ከፍ አያደርግም።

በከረጢቱ ላይ የተጻፈው የፕሮቲን መጠን ግን ብቻውን በቂ መረጃ አይደለም። ፕሮቲን የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከተባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ዓሣ በራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው 10 አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ሲያንስ የቀሩት ቢበዙም ሥጋ ሊሆኑ አይችሉም። ድንጋይ ተርፎት ጭቃ ያለቀበት ግንበኛ ግድግዳውን ከፍ ማድረግ እንደማይችል ሁሉ፣ ጫጩቱም የተረፈውን ፕሮቲን ለኃይል ያቃጥለዋል፤ በውስጡ ያለውም ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ይወጣል። ውድ መኖ ገዝቶ ውሃ መበከል ማለት ይህ ነው። አኩሪ አተር ሜቲዮኒን፣ በቆሎ ደግሞ ላይሲን ስለሚያንሳቸው፣ በጫጩት መኖ ውስጥ የዓሣ ዱቄት መጨመር ወይም የጎደሉትን አሚኖ አሲዶች ለይቶ ማከል ያስፈልጋል።

የኃይል ሰጪ ንጥረ ነገሮች መጠንም ከፕሮቲኑ ጋር መመጣጠን አለበት። ቅባትና ስታርች ካነሱ ጫጩቱ ለዕድገት የተሰጠውን ፕሮቲን ለመንቀሳቀሻ ይጠቀምበታል፤ ከበዙ ደግሞ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ሳያገኝ ይጠግብና ስብ ያጠራቅማል።

መኖውን ራሱ የሚያዘጋጅ አርቢ አኩሪ አተሩን በደንብ ሳያበስል መጠቀም የለበትም፤ ጥሬው ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም ሥራ የሚያግድ ንጥረ ነገር አለው፣ ይህም የሚጠፋው በሙቀት ነው። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ለጫጩት ባይሰጥ ይሻላል። ቫይታሚን ሲም ሊዘነጋ አይገባም። አብዛኞቹ ዓሣዎች ይህን ቫይታሚን በሰውነታቸው ማምረት ስለማይችሉ፣ በመኖ ካላገኙት የጀርባ አጥንታቸው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይጣመማል።

እስካሁን የተባለው ቀደም ብለው ዱቄት መብላት ለሚችሉት ነው። የአምባዛ ዕጮች የምግብ መፍጫ አካላቸው ገና ያልበሰለ በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ አርቲሚያ ያሉ በጣም ትናንሽ ሕይወት ያላቸው ምግቦች ተሰጥተዋቸው ቀስ በቀስ ወደ ዱቄት መሸጋገር ይኖርባቸዋል።

3. ፍሬውን ከአፋቸው ጋር ማመጣጠን

ለመጀመሪያ ጊዜ መብላት ለሚጀምሩት ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር፣ 1 ግራም ለሚጠጉት ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር፣ ከ5 እስከ 20 ግራም ለሚመዝኑት ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ፍሬ ተስማሚ ነው። መጠኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ወደ ውሃው ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል፦ ጫጩቱ ፍሬውን ጎርሶ ከተፋው፣ ደግሞ ጎርሶ ከተፋው፣ ፍሬው ትልቅ ነው። በጣም የላመው ደግሞ ሳይበላ ሟሙቶ ውሃውን ያደፈርሳል፤ ስለዚህ በወንፊት መለየት ያስፈልጋል። ከአንዱ መጠን ወደ ሌላው ሲታለፍ ሁለቱን ለጥቂት ቀናት ቀላቅሎ መስጠት ትንንሾቹ እንዳይራቡ ይረዳል።

4. የቀኑን መኖ ማስላት

የቀኑ መኖ የሚሰላው ከጫጩቶቹ ጠቅላላ ክብደት ነው። 1 ግራም ላልሞሉት ከክብደታቸው ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ከ1 እስከ 5 ግራም ለሆኑት ከ6 እስከ 10 በመቶ፣ ከ5 እስከ 20 ግራም ለሆኑት ከ4 እስከ 6 በመቶ ይሰጣል። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው በአማካይ 2 ግራም የሚመዝኑ 1,000 ጫጩቶች ጠቅላላ ክብደታቸው 2 ኪሎ ግራም ነው፤ 8 በመቶው 160 ግራም ስለሚሆን፣ በቀን 4 ጊዜ 40 ግራም ይደርሳቸዋል። ሆዳቸው ትንሽ በመሆኑ ከዚህ ያነሱትን በቀን ከ6 እስከ 8 ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ መመገብ ይገባል።

5. በትኖ መስጠትና አበላላቸውን መከታተል

መኖው በአንድ ቦታ ከተደፋ ጉልበተኞቹ ይሻሙትና ደካሞቹ እየቀጨጩ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ በሰፊው መበተን አለበት። ጫጩቶቹ መጀመሪያ ላይ ውሃውን እያንቦጫረቁ ይሻማሉ፤ ከዚያም ግርግሩ እየበረደ ይሄዳል። በስሌት የተገኘው መጠን ባያልቅም እንኳ በዚህ ጊዜ ማቆም ይመረጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሳይበላ የቀረ መኖ ከታየ፣ የሚቀጥለውን መቀነስ ነው።

6. በየሳምንቱ መመዘን

በእኔ እምነት በጣም የሚዘነጋው ይህ ደረጃ ነው፤ የባለፈውን ሳምንት መኖ ለዛሬ መስጠት እያደገ ያለን ዓሣ ማስራብ ነው። ጠዋት ከመመገባቸው በፊት ውሃ የያዘ ባልዲ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መመለስ፣ ከተለያየ የኩሬው ክፍል በመረብ የተያዙ ከ50 እስከ 100 ጫጩቶችን በባልዲው ውስጥ መጨመር፣ የተገኘውን ክብደት ለቁጥራቸው ማካፈል ነው።

በምሳሌው የነበሩት 2 ግራም ጫጩቶች ከ7 ቀን በኋላ 3 ግራም ከደረሱ፣ የቀኑ መኖ ወደ 240 ግራም ያድጋል። በ14ኛው ቀን 4.4 ግራም ቢመዝኑ፣ በሁለቱ ሳምንታት የተበላው መኖ 2.8 ኪሎ ግራም፣ የጨመሩት ክብደት 2.4 ኪሎ ግራም ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ወደ 1.17 ይመጣል፤ ይህም ለጫጩት መልካም ውጤት ነው። ቁጥሩ 2 ገደማ ከደረሰ ግን መኖው እየባከነ ወይም ሳይፈጭ እየወጣ ስለሆነ ወደ ቀደሙት ደረጃዎች ተመልሶ ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል። በምዘናው ጊዜ ከሌሎቹ ተለይተው የገዘፉት ወደ ሌላ ገንዳ ይዛወሩ፤ በአምባዛ ዘንድ ትልቁ ትንሹን ስለሚውጠው መለየቱ የግድ ነው።

መኖው በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ሲቆይ ቅባቱ ይበላሻል፣ ቫይታሚን ሲውም ይቀንሳል። የሻገተ መኖ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ቢደርቅም ለጫጩት አይሰጥም፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በማድረቅ አይጠፋም።