የቶርኗችሁ ታርጋ ላይ ያለው ቀን ወደ ማን ይወስዳችኋል?

ቶርኖዬ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረች የምትቆርጥ ማሽኔ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ናት። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውዬ ናቸው የተዉልኝ። «አሮጊቷ» ይሏት ነበር፤ እኔም እንደዛው እጠራታለሁ። ባለፈው ዓመት ማርሽ መቀየሪያ ሳጥኗ ውስጥ ያለች አንዲት ማርሽ ጥርሷ ረገፈ። አንድ ደላላ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አያትና «በኪሎ ሽጣት» አለኝ። አልሸጥኳትም። እንዴት እንዳዳንኳት ልንገራችሁ፤ እንደሷ ያለ አሮጌ ማሽን ያላችሁ ብዙ ናችሁና።

መጀመሪያ ታርጋውን ፈልጉ። አንዳንዱ ማሽን ላይ የነሐስ ሰሌዳ ይኖራል፤ አንዳንዱ ላይ ጽሑፉ ከብረቱ ጋር አብሮ የፈሰሰ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስትና አራት ዙር ቀለም ተቀብቶበታል። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈገፍጉት! ፊደሉ አብሮ ይሄዳል። ጨርቅ በላምባ ነክራችሁ አንድ ሌሊት ለጥፉበት፣ ጠዋት በእንጨት ስንጣሪ ቀስ እያላችሁ ፋቁት። ከዚያ ጠመኔ ቀቡበትና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ነጩ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል። የስልካችሁን መብራት ከጎን አብሩበት። የኔዋ ላይ ፒ፣ ኤ፣ ቲ የሚሉ ሦስት ፊደላት ወጡ፤ ከሥራቸው ደግሞ ማርች 8፣ 1892።

ይሄ የፓተንት ቀን ነው። አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲፈጥር አሠራሩን በሥዕልና በጽሑፍ ለመንግሥት ያስረክባል፤ በምላሹ ለተወሰነ ዓመት ሌላ ሰው እንዳይሠራው ይከለከልለታል። ያ ሥዕል አይጣልም። ዛሬም በነጻ ይገኛል።

ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ 1884 መሆኑ ነው፤ አድዋ ገና 4 ዓመት ይቀረው ነበር። ለፍለጋው ግን በፍጹም ወደ እኛ አትቀይሩት።

ቁጥር ሳይሆን ቀን ብቻ ካያችሁ ማሽኑ ምናልባት የአሜሪካ ነው። እዚያ ከ1842 ጀምሮ ሕጉ የሚያስገድደው ቀኑን እንዲጽፉ ነበር፤ ቁጥር መጻፍ ግዴታ የሆነው በ1927 ነው። ማረጋገጫ ልስጣችሁ፦ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፓተንት የሚሰጠው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ቀኑን በስልካችሁ ካላንደር ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩት። ማክሰኞ ካልዋለ አንዱን አኃዝ አሳስታችሁ አንብባችኋል ማለት ነው። እኔ 8ቱን መጀመሪያ 3 ብዬ አንብቤው ነበር፤ ሐሙስ ሆነብኝ፣ ተመልሼ ጠመኔውን ደገምኩት። የእንግሊዝ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን አይጠቅማችሁም። ከ1852 በኋላ እስከ 1915 ድረስ ቁጥራቸው በየዓመቱ ከ1 ይጀምር ስለነበር ዓመቱ የግድ ያስፈልጋል።

ላፕቶፕ ይዤ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ጉግል ፓተንትስ ላይ የተሰጠበትን ቀን ገድባችሁ ሌዝ (lathe፣ ቶርኖ ማለት ነው) የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፈልጉ። በስም መፈለግ ብዙ አያዋጣም፤ አሮጌውን ጽሑፍ ኮምፒውተር ነው ያነበበው፣ ስሞቹን ያበላሻቸዋል። ዳታምፕ የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ የአሜሪካን የመሣሪያና የማሽን ፓተንቶች ሰብስቧል።

የኔዋ ታርጋ ላይ ያለውን ፓተንት የወሰደው ሰውዬ ወንደል ኖርተን ይባላል። ኖርተን! ስንት ዓመት ማርሽ መቀየሪያ ሳጥኑን ኖርተን እያልን፣ «ኖርተኑን ቀይር» ስንባባል የሰው ስም መሆኑን አላውቅም ነበር። ከሱ በፊት ቶርኖ ላይ የብሎን ጥርስ ለማውጣት የፈለገ ሰው ለእያንዳንዱ የጥርስ ልክ ማርሽ በእጁ ይፈታና ያስር ነበር። እሱ ማርሾቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ አንድ ዘንግ ላይ ደረደራቸው። ማንሻውን ወደ ጎን መግፋት፣ ማንሳት፣ ፒኑን ቀዳዳው ውስጥ መጣል፣ አለቀ።

ሥዕሉን ስታገኙ ከመጨረሻው አንብቡ። ጽሑፉ ሲያልቅ ፈጣሪው «የኔ የምለው ይሄ ነው» ብሎ የሚዘረዝርበት ክፍል አለ። አዲሱ ነገር እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ሥዕሉ ላይ ያሉትን ምልክቶች እየተከተላችሁ ወደ ጽሑፉ ተመለሱ። የረገፈችው ማርሼ ከማን ጋር እንደምትነካካ፣ ፒኑ የት እንደሚይዛት ያየሁት እንደዚህ ነው።

ፓተንት ግን ልኬት አይሰጥም። አሠራሩን እንጂ ሚሊሜትሩን እንዳትጠብቁ። አገሩን ማወቅ ትልቅ ነገር የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ይህን ፍለጋ ከመጀመሬ በፊት ማርሿን አንድ ቦታ አሠርቼ ነበር። በሞጁል 2 ቆረጡልኝ፤ ሞጁል በሚሊሜትር የሚሰላ የማርሽ ጥርስ ልክ ነው። ማሽኗ ጮኸች፤ በሳምንቱ ጥርሷ ተበልቶ አለቀ። አሜሪካኖች በዚያ ዘመን ማርሽ የሚቆርጡት በሞጁል ሳይሆን በኢንች፣ በዲያሜትራል ፒች ነው፤ ለአንድ ኢንች ዲያሜትር ስንት ጥርስ እንደሚደርስ ማለት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የጥርሱን ብዛት ቁጠሩ፣ 2 ደምሩ፣ በኢንች ለተለካው የውጭ ዲያሜትር አካፍሉ። የኔ 30 ጥርስ ነበራት፣ የውጭ ዲያሜትሯ 67.7 ሚሊሜትር። ለ25.4 ሲካፈል 2.665 ኢንች ይሆናል። 32 ለዚያ ሲካፈል 12። ድፍን ቁጥር! በሞጁል ብናሰላው 2.116 ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ከተር (የማርሽ ጥርስ መቁረጫ) ደግሞ ማንም የለውም።

የ12 ፒች ከተር ፍለጋ መርካቶን ሁለት ቀን ዞርኩ፤ ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው። ሚሊንግ ማሽን (በሚሽከረከር ከተር ብረት የሚቆርጥ ማሽን) ያለው ወዳጄ ቆረጠልኝ።

እሱ ሲቆርጥ ቆሜ እያየሁ ዩኒቨርሳል ሚሊንግ የሚባለውን ዓይነት ማሽን የፈጠረውንም ለመፈለግ ወሰንኩ። ጆሴፍ ብራውን ነው፣ የአሜሪካዋ ፕሮቪደንስ ከተማ። ታሪኩ ልብ ይነካል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የጠመንጃ ሠራተኞች የፑንታን (የብረት መብሻን) ጠምዛዛ ቦይ በክብ ሞረድ፣ በእጃቸው ነበር የሚያወጡት። ፍሬድሪክ ሃው የሚባል ሰው ይህን ችግር ይዞ ብራውን ጋ መጣ። ብራውን ብረቱ ወደ ፊት እየሄደ በዚያው ልክ የሚዞርበትን ማሽን ሠራ። የመጀመሪያው የተሸጠው በማርች 1862 ነው፤ ፓተንቱ ግን ፌብሩዋሪ 21፣ 1865 ነው። ማክሰኞ ነው፣ አይቼዋለሁ። ስለዚህ የፓተንት ቀን ሐሳቡ የተወለደበት ቀን አይደለም። የእናንተ ማሽን የተሠራበትም ቀን አይደለም፤ ፋብሪካው ያንን ቀን ለብዙ ዓመት እየደጋገመ ያትመዋል። ዕድሜዋን ለማወቅ የሴሪ ቁጥሯን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ በኩል፣ ሀዲዱ ጫፍ ላይ ተመትቶ ይገኛል።

አዲሷ ማርሽ ስትገባ ማንሻውን ገፋሁ፣ አነሳሁ፣ ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ «ጠቅ» ብሎ ገባ። የአሮጊቷ ጩኸት ጠፋ። በዚያው ቀን ለአንድ የወፍጮ ቤት ደንበኛዬ ብሎን ከነዳዶው አወጣሁባት።