ደሴ ላይ ለእናታችሁ አስታማሚ ስትቀጥሩ እንዴት ታጣራላችሁ

ደላላው «ልጅቷ ታማኝ ናት፣ እኔ አለሁ» ካላችሁ አትመኑት፣ ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ ስልኩ አይነሳም። መጀመሪያ የቀበሌ መታወቂያዋን ወይ ፋይዳዋን ኦርጅናሉን እዩና ኮፒ ያዙ፣ ኦርጅናሉን ግን ቀምታችሁ እንዳታስቀምጡ ነውር ነው። ከወንጀል ነፃ የሚለውን ወረቀት የፌደራል ፖሊስ ነው ሚሰጠው፣ ራሷ አሻራ ሰጥታ ታውጣ፣ ወጪውን እናንተ ቻሉት፣ ገና ደሞዝ ያልበላች ልጅ ከየት ታምጣ? ቀኑንም ቼክ አድርጉ፣ የቆየ ከሆነ አዲስ ይውጣ። ግን ወረቀቱ ፖሊስ ጋ የተመዘገበውን ብቻ ነው ሚያሳየው፣ ሽማግሌ ላይ የምትጮህ መሆኗን አይነግራችሁም፣ ስለዚህ ከወረኢሉም ትምጣ ከሐይቅ በፊት የሰራችበት ቤት ደውሉና «ለምን ወጣች? ድጋሚ ብትመጣ ትቀጥሯታላችሁ?» በሉ፣ ካንገራገሩ ገብቷችኋል። ተያዥዋ ደግሞ በስልክ ሳይሆን በአካል መጥቶ ምስክር ባለበት ይፈርም።