ስኳር የማይጨመርበት የቸኮሌትና የሙዝ ጁስ በቤት ውስጥ

ሱሉልታና አካባቢዋ ለሚኖር ሰው የዚህ መጠጥ ግብዓት ሩቅ አይደለም፤ ወተቱ ከጎረቤት ይገኛል፣ ከአርባ ምንጭ በኩል እየተጫነ የሚመጣው ሙዝም በየጉሊቱ ይሸጣል። ከሱቅ የሚገዛው የካካዎ ዱቄት ብቻ ሲሆን፣ «የቸኮሌት መጠጥ» እየተባሉ የሚሸጡት ብዙዎቹ ዱቄቶች ከካካዎ ይልቅ ስኳር ስለሚበዛባቸው፣ ከመግዛት በፊት በማሸጊያው ጀርባ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል።

ለሁለት ብርጭቆ 2 የበሰሉ ሙዞች፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ተኩል ካካዎ፣ 300 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ጨው ለጣፋጭ ነገር እንግዳ ቢመስልም የካካዎውን ምሬት ስለሚያለሳልስ ባይቀር ይመረጣል።

ጣዕሙን የሚወስነው ሙዙ ነው። ሙዝ በበሰለ ቁጥር በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ስለሚለወጥ፣ ባለጉሊቷ «ጠቆረብኝ» ብላ ወደ ጎን የምትገፋው፣ ልጣጩ ቡናማ ጠቃጠቆ የጣለው ሙዝ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በሱሉልታ ብርድ አረንጓዴ ሙዝ ቶሎ ስለማይበስል፣ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ያፋጥነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በቀን የሚወሰደው ተጨማሪ ስኳር ከ25 ግራም ገደማ በታች ቢሆን የበለጠ ጥቅም እንዳለው ገልጿል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይህን መጠን ብቻውን ይሞላዋል፣ ማርም ከዚሁ ይቆጠራል። ስለዚህ ጣፋጭነቱን ለሙዙ መተው ነው።

ያልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታና የከብት ቲቢ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ሳይፈላ አይጠጣም። እንደ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ውኃ ከ92 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ወተቱ ገንፍሎ እንደተነሳ ከማውረድ ይልቅ እያማሰሉ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይበጃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካካዎውን ከቀዝቃዛ ወተት ጋር በአንድ ጊዜ ሲጨምር ነው፤ ዱቄቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከመፍጫው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ በመጨረሻም ጓጉሎ በጥርስ ይገኛል። ስለዚህ ወተቱ ሳይበርድ ሦስት ማንኪያ ቀንሶ፣ ሽሮ በጥቂት ውኃ እንደሚበጠበጠው ሁሉ፣ ካካዎውን በስኒ ውስጥ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ማሸት ያስፈልጋል። የተረፈው ወተት ከበረደ በኋላ ከተቆራረጠው ሙዝ፣ ከለውዝ ቅቤው፣ ከጨውና ከተበጠበጠው ካካዎ ጋር ለአንድ ደቂቃ ያህል ይፈጫል። ሙዙ ተልጦና ተቆራርጦ ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ ካደረ በረዶ አያስፈልግም። ጁስ ቤት እንደሚቀርበው በማንኪያ እንዲበላ ለሚፈልግ ሩብ አቮካዶ ይጨመራል፤ ለእኔ ግን የካካዎውን ጣዕም ያደበዝዘዋል።

በጾም ወራት በወተቱ ፋንታ ሌሊቱን በውኃ የተዘፈዘፈ ግማሽ ኩባያ የተቆላ ለውዝ ከ300 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ጋር ተፈጭቶ ይጠለላል፤ ካካዎውም በሙቅ ውኃ ይበጠበጣል። መብራት ከጠፋ ያልቀዘቀዘውን ሙዝ በሹካ አድቅቆ፣ ሁሉንም ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ውስጥ ደኅና አድርጎ መናጥ ነው፤ መጠጡ ቅንጣት ቢኖረውም ይጠጣል። ሙዝ ሲቆይ ስለሚጠቁር መጠጡን ወዲያው መጨረስ፣ መፍጫውንም ሳይደርቅበት በውኃ ማለቅለቅ ይገባል።