አይኤስኦ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ጎንደር ላይ ካሜራ ለያዙ ጀማሪዎች

ጎንደር ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ከባድ ከተማ ናት። ፋሲል ግቢ ሜዳው ላይ ፀሐዩ ዓይን አያስገልጥም። አንድ ደጃፍ አልፋችሁ ወደ ቤተ መንግሥቱ ክፍል ስትገቡ ደግሞ ጨለማ ነው። አይኤስኦን፣ ማለትም ካሜራው የገባውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን ቁጥር፣ ሳይነኩ እዚህ ፎቶ ሲያነሱ መዋል አይቻልም። ስለዚህ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

100ን የሙጥኝ ማለት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። «አይኤስኦ ዝቅ ሲል ፎቶው ይጠራል» የሚለው ምክር ልክ ነው፤ ብርሃን ካለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ የጣሪያውን የመላእክት ፊቶች በ100 ልታነሱ ብትሞክሩ ግን ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ሩብ ሰከንድ ያህል ተከፍቶ መቆየት ሊኖርበት ይችላል። ለዚያን ያህል ጊዜ ካሜራ ይዞ የማይንቀጠቀጥ እጅ ብርቅ ነው፤ ፎቶው ብዥ ይላል። 1600 ብታደርጉት ሹተሩ 1/60 ሰከንድ ይደርሳል። 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1600 እያለ ቁጥሩ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚያስፈልገው ጊዜ በግማሽ ያጥራልና። ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚወጣ ጥቃቅን ነጠብጣብ) ይመጣል፤ ይምጣ! ኖይዝ በኋላ በኮምፒውተር ይቀነሳል። የተንቀጠቀጠን ፎቶ ግን ማዳን ከባድ ነው። ፍላሽን እዚያ አታስቡት፤ አይፈቀድም።

ፎቶው ጠቆረ ብሎ አይኤስኦ መጨመር። ጥምቀት ላይ በብዛት የሚያጋጥም ነው። ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጠቁረዋል፤ የሰው ፊት ይጨልማል። ጀማሪው አይኤስኦውን ከ200 ወደ 800 ያወጣል፣ ፎቶው ግን ያው ነው። ለምን? አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ብቻ እናንተ በምትመርጡበት ሞድ ላይ ከሆናችሁ፣ አይኤስኦ በጨመራችሁ ቁጥር ካሜራው ሹተሩን ያፈጥንና ያካክሰዋል። እዚህ የሚያስፈልጋችሁ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ወደ +1 ውሰዱት፤ ፊቱም ይፈካል፣ ነጠላውም ነጭ ይሆናል።

አጨልሞ አንስቶ በኋላ ማብራት። በከተራ ሌሊት፣ በጧፍ ብርሃን፣ 3200ን ፈርቶ በ400 ማንሳትና ቤት ገብቶ በኮምፒውተር ማፍካት ብልሃት ይመስላል። በብዙ ካሜራ ግን ጥላው ውስጥ የሚወጣው ኖይዝ በ3200 በትክክል ከተነሳው የባሰ ነው። ኖይዝ በዋናነት የሚመጣው ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ ያረፈው ብርሃን ሲያንስ ነው። አይኤስኦ ራሱ ብርሃን አይጨምርም፤ የገባውን ነው የሚያጎላው። ስለዚህ መጀመሪያ አፐርቸሩን ክፈቱ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 1.8 የሚከፈት ሌንስ ከ5.6 ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ገንዘብ ካላችሁ ካሜራ ከመቀየራችሁ በፊት እንዲህ ያለ ሌንስ ግዙ፤ 50 ሚሊ ሜትሩ ከሌሎቹ ረከስ ይላል።

የማታውን አይኤስኦ ይዞ ማደር። ሌሊት በ3200 ሲሠራ ያደረ ካሜራ ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ብርሃኑ ይበዛበታል፤ የብዙዎቹ የጀማሪ ካሜራዎች ሹተር ደግሞ ከ1/4000 ሰከንድ በላይ አይፈጥንም። አፐርቸሩ ከተከፈተ ነጩ ልብስ ከመጠን በላይ ነጥቶ ጥለቱም አይታይም። ካሜራ ስታጠፉ ወደ 200 መልሱት።

አውቶን ያለ ገደብ መልቀቅ። አውቶ አይኤስኦ፣ ካሜራው ቁጥሩን ራሱ የሚመርጥበት፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ለጀማሪ እኔም እመክረዋለሁ። ግን ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ጣሪያውን 3200 ወይም 6400 ላይ ወስኑለት። ትንሹን የሹተር ፍጥነትም አስገቡ፦ ለቆመ ሰው 1/125፣ እስክስታ ለሚወርድ 1/500። ይህ ካልተደረገ ካሜራው የራሱን ይመርጣል፣ ትከሻውም ጭጋግ ይሆናል።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ሆኖ 1600 መጠቀም። ግንብ አይንቀሳቀስም። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆናችሁ የከተማዋን የማታ መብራት ስታነሱ፣ ካሜራው ከቆመ ወደ 100 አውርዱትና ሹተሩ 10 ሰከንድም ይፍጅ። አውቶውን አጥፉ፤ አለበለዚያ ካሜራው ትራይፖድ ላይ መሆኑን ሳያውቅ ቁጥሩን ራሱ ያወጣዋል። በ2 ሰከንዱ ታይመር አንሱ፣ ጣታችሁ ካሜራውን እንዳያነቃንቀው።