ለአሮጌ ቮልስ ካምሻፍት ስትመርጡ

ሞተር አውርዳችሁ ካምሻፍት (ሞተሩ የሚተነፍስባቸውን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ) ልትቀይሩ ከሆነ «የእሽቅድምድም ነው» የሚሏችሁን እለፉት። ቫልቩን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ስለሚያቆይ ጉልበት የሚሰጠው ሞተሩ ሲጮህ ብቻ ነው። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ ሲቆም፣ ይንቀጠቀጣል። ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተሩ ያለዚያም ጉልበት ያንሰዋል። ከባጃጅ ኋላ በሁለተኛ ማርሽ ለሚያዘግም፣ አልፎ አልፎ የጊቤን አቀበት ለሚወጣ መኪና የፋብሪካው ዓይነት ይበቃል።

አሮጌውን ታፔት (ካምሻፍቱ ላይ አርፎ ቫልቩን የሚገፋውን) ግን እንዳትመልሱት! እኔ ብር ልቆጥብ ብዬ መልሼው አዲሱ ካምሻፍት በጥቂት ወር ተላጠ፤ ሞተሩ እንደገና ወረደ። ገልብጣችሁ እዩት፤ ፊቱ ጎድጎድ ካለ አልቋል። አዲሱን ስትገጥሙ የመገጣጠሚያ ቅባት ቀቡት። ሞተሩ እንደተነሳ ለ20 ደቂቃ ያህል በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ያዙት፣ በሚኒሞ አትተዉት።